የጌጤ ቃጭል

ትናንት ሌሊት ይፍሩ በሕልሙ የገዛ ጊቢው አቮካዶ ዛፍ ላይ ሰፍሮ፣ በባዶ እግሩ ቀጭን ቅርንጫፍ ጨብጦ፣ ቁርስ ሲጠብቅ ራሱን አገኘው። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፤ የሆነው ሆነ። ግን ሕልም ሁሉ ከሰማይ አይወርድም። አንዳንዱ ሰው ማታ ከተናገረው ነገር ላይ ይበቅላል። የይፍሩም እንዲያ ስለነበር መጀመሪያ ምን ተናግሮ እንደተኛ ልንገራችሁ።

ይፍሩ ቢሾፍቱ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ድመት መቀለብ ነውር ነበር። የጠገበ ድመት ከአይጥ ጋር ይታረቃል ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ለመጋዘን ድመት ውኃ ይቀመጥለታል፣ ሌላውን ራሱ ይፈልጋል። ይፍሩ ጡረታ ሲወጣ ካኪ ጋዋኑንና ይህን ሕግ ይዞ ወጣ። ሻለቃ የሚባለው ግራጫ ድመቱም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ማዕረጉን ብቻ ይዞ ጊቢ ለጊቢ ይዞራል።

ሚስቱ ጌጤ ስትሮክ ከመታት ወዲህ የአልጋ ቁራኛ ናት። ግራ ጎኗ አይታዘዛትም፤ ድምጿም ከሹክሹክታ አያልፍም። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ቀኑን የምትገፋው ጊቢው ውስጥ የሚያርፉትን ድንቢጦች እያየች ነው። ቀኝ እጇ አንጓ ላይ ትንሽ ቃጭል በላስቲክ ታስሯል። ባሏን ስትፈልግ እጇን ትነቀንቃለች። ክረምት ላይ ትንታ ይዟት ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል ያተረፋት ይኸው ቃጭል ነው። ቃጭሉ በተንቃጨለ ቁጥር ይፍሩ ከሳሎን "አቤት! መጣሁ!" ይላል። አቤት ለማለት ማንም አይቀድመውም። መምጣቱ ግን የሬዲዮው ዜና እስኪያልቅ፣ ከዜናው በኋላ ስፖርቱ እስኪያልቅ፣ አንዳንዴም ማስታወቂያው እስኪያልቅ ይቆያል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ወፎቹን የሚመግበው እሱ ነው፤ የሚመግባቸውም ለጌጤ ብሎ ነው። በየማለዳው ማሽላ በጣሳ ይዞ ይወጣና ከመስኮቷ ሥር ካለው የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ጥግ ይበትንላቸዋል፤ ከቅርብ እንድታያቸው። ጥግ ያለበት ቦታ ግን ለሌላም ይመቻል።

"ወፎቹ እያነሱ ነው" አለችው ጌጤ ትናንት ማታ። ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ።

"ማሳ ላይ እህል ደርሷል፤ ወደዚያ ሄደው ነው" አላት። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቁጥቋጦው ሥር ያገኘውን ላባ በጫማው ጫፍ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ገፋ አድርጎት ነበር።

"ሻለቃ ነው የሚጨርሳቸው።"

"ሻለቃ ወፍ አይነካም። የሱ ሥራ አይጥ ነው።"

"ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባላል። የራበው ድመት ደግሞ ጭራሽ አልመነኮሰም" አለች፤ ትንፋሽ አጠራት፤ ቀጠለች። "በመጀመሪያ እሱን አብላው። እህሉን ከቁጥቋጦው አርቀህ ገላጣው መሬት ላይ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርገው፤ የሚመጣባቸውን ይዩት። እነሱ በሚበሉበት ሰዓት እሱን ቤት ዝጋበት። አንገቱ ላይም ቃጭል እሰርለት።"

ይፍሩ ሳቀ። "ድመት አንገት ላይ ቃጭል! የአይጦች ስብሰባ አደረግሽው እኮ! ወፍ ጥላ ነው የሚወድ። አንቺ ተኝተሽ ምን ታውቂያለሽ?"

የመጨረሻዋን ነገር ባይላት ጥሩ ነበር። ጌጤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱም ብርድ ልብሱን ይዞ እንደ ልማዱ ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋደመ፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ይዞት የሄደውም አቮካዶው ላይ ነው።

አቮካዶው ላይ ብቻውን አልነበረም። የሰፈሩ ሰው በየቅርንጫፉ ተደርድሯል። የዕድሩ ሰብሳቢ እትዬ አሰገደች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሁሉም በላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊው ለገሠ ኮፍያውን እንደደፋ ከይፍሩ አጠገብ ነው። ሁሉም ርቧቸዋል። ሁሉም ቁልቁል የይፍሩን ቤት በር ያያሉ።

"ዛሬ ዘገየብን" አለ ለገሠ።

"ማን ነው የዘገየው?"

"ባለቤቱ ነዋ፣ ጋሽ ይፍሩ! ቁርስ የሚበትንልን!"

በሩ ተከፈተ። ይፍሩ ክው አለ። የወጣው የሰው ቁመት ያለው፣ ደረተ ሰፊ ዋኔ፣ ያ የዱር እርግብ፣ ነበር። የይፍሩን ካኪ ጋዋን ለብሷል። እስክሪብቶው ሳይቀር የደረት ኪሱ ላይ ተሰክቷል። በአንዱ ክንፉ ጣሳ ይዟል፤ በሌላው ብብቱ ሥር የይፍሩን ሬዲዮ ሸጉጧል።

"ሬዲዮዬን!" ብሎ ይፍሩ ጮኸ። ወደ ዋኔው የደረሰው ግን "ጭር!" የሚል ነገር ብቻ ነበር።

ዋኔው ቀና ብሎ አየና ፈገግ አለ። "ሰዎቼ ዛሬ እንዴት አምሮባቸዋል! ዝማሬያቸውስ!" አለ። ከዚያም ከጣሳው የዳቦ ቁራሽ፣ ቅቅል ድንችና ቅቅል እንቁላል እያወጣ በተነ። እንቁላሉ የማን እንደሆነ ከዛፉ ላይ የጠየቀ የለም። የበተነውም ገላጣው ላይ አይደለም፤ ከወፍ ቆሎው ቁጥቋጦ ጥግ ነው። "ሰው ጥላ ነው የሚወድ" አለ ለራሱ፣ እጁን እንዳራገፈ ሰው ክንፉን እያራገፈ።

ይፍሩ ወደ ቁጥቋጦው አየ። ከቅጠሉ ሥር አንድ ወፍራም ግራጫ ነገር ወጣ ብሎ ነበር። ገመድ መሰለው። ገመዱ ጫፉን ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ አደረገው።

"ለገሠ፣ እንዳትወርድ! ጭራ አየሁ!"

"አይ ጋሽ ይፍሩ! ያ ድመት እኮ ሰው አይነካም። ሥራው ሌላ ነው። ባለቤቱ ራሱ ነው የነገረን" አለና ለገሠ ወረደ።

ለገሠ ወደ ድንቹ በዝላይ በዝላይ ተጠጋ። አጎነበሰ። አንዱን ድንች ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ቁጥቋጦው አንዴ ተነቃነቀ። ጩኸት አልነበረም። ለገሠም አልነበረም። መሬቱ ላይ ኮፍያው ብቻ ቀረ። ከቅጠሉ መሐል አይሱዙ የሚያክል የሻለቃ ግንባር ብቅ አለ፤ አፉን ላሰና ተመለሰ።

 ከዚህ የባሰ ግን ነበረ። ዋኔው መጥቶ ግራ ቀኝ አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን በእግሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ገፋው። ከመስኮቱ ውስጥ አንድ የታፈነ ድምፅ "አንድ ሰው ጎደለ መሰለኝ" አለ። ዋኔውም ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "አዳማ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነው። ሰው እኮ በዚህ ወቅት ወደ ቆላ ይወርዳል" ብሎ መለሰ።

ይፍሩ ሸሸ። እንዴት እንደበረረ አያውቅም፤ ትከሻው ላይ የነበረው ጋቢ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ነው ያበረረው። ጎረቤት ካለው ጊቢ ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። የጊቢው እመቤት ሽርጥ የታጠቀች ቁራ ናት። ከመሐል ገላጣው ላይ፣ ከአጥርም ከቁጥቋጦም ራቅ ብሎ፣ በረጅም እንጨት ላይ ጠረጴዛ ተተክሏል። ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ሰፍረው ጨዋታ እየተጨዋወቱ ይበላሉ። አንዱ ሲጎርስ ሌላው ዙሪያውን ያያል። የቁራዋ ድመት ደግሞ በልታ ጠግባ፣ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ትራስ ላይ ተዘርግታ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሰዎቹን እያየች ታዛጋለች።

"እኔንም አስገቢኝ እመቤቴ" አለ ይፍሩ።

"አንተ ከየት ጊቢ ነህ?"

"ከዋኔው።"

ቁራዋ ማማሰያዋን ጣለች። "ውይ በሞትኩት! ከዚያ ጊቢ ነው? ከዚያ የመጣ ሰው ዕድሜ የለውም እኮ! ምነው ጠረጴዛ ትከልልን አትሉትም?"

"እንነግረዋለን። ዝማሬ ነው የሚመስለው።"

"እንዲያማ ከሆነ" አለች ቁራዋ፣ "እሱ ሰው አይመግብም። ድመት ነው የሚመግብ።"

ይፍሩ አፉን ሊከፍት ሲል ጊቢውም ቁራዋም አልነበሩም። የመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጧል፤ ዕድሩም ተሰብስቧል። የለቅሶው ድንኳን ከሽቦው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መሐል ላይ የለገሠ ኮፍያ ብቻውን ተቀምጧል።

"ለኮፍያ ስንት ቀን ነው ለቅሶ የምንቀመጠው?" አለ አንዱ ከሽቦው ጫፍ።

"ሰውየው እስኪገኝ" አሉ እትዬ አሰገደች። "አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ድመቱ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር። የሚቃወም አለ?"

የተቃወመ የለም።

"ማን ያስር?"

ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። አንዱ ጫማውን ይጠግን ጀመር፤ ባዶ እግሩን ነበር። ይፍሩ ማታ የሳቀበት ስብሰባ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደሚገኝ ሲያውቅ ከእፍረቱ የተነሳ ጆሮው ጋለ።

"ቃጭሉስ ከየት ይመጣል?"

"ከመስኮቱ። የታመመችው ድንቢጥ ክንፍ ላይ አለ" አሉ እትዬ አሰገደች። "ይፍሩ፣ ልጄ፣ አንተ ሂድ። ቤቱን ታውቀዋለህ።"

ሽቦው ነዘረውና ራሱን መስኮቱ ላይ አገኘው። መስታወቱን በአፍንጫው ቆረቆረ። አልጋው የጌጤ አልጋ ነው። ብርድ ልብሱም የጌጤ ነው። የተኛችው ግን አንዲት ትልቅ ድንቢጥ ናት፤ የጌጤን ነጭ ሻሽ አስራለች። ግራ ክንፏ ተዘርግቶ ወድቋል። ቀኝ ክንፏ ላይ ያ ትንሽ ቃጭል በላስቲክ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ የጌጤ ነበሩ።

"ቃጭሉን ስጪን" አላት። ጭር ጭር ብቻ እንዳይሆንበት ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ሰማችው።

"ምን ልታደርጉት?"

"ድመታችሁ ጨረሰን።"

"አውቃለሁ" አለች ድንቢጧ በሹክሹክታ። "ነግሬው ነበር። አንቺ ተኝተሽ ምን ታውቂያለሽ አለኝ።"

 "ባልሽ… ክፉ ነው?"

"ኧረ ደግ ነው! እናንተን በየቀኑ ያበላል" አለች። ወደ ቁጥቋጦው እያየች ጨመረች፤ "ከዚያ እናንተን ለድመቱ ያበላል።"

"እንግዲያው ስጪን፤ አንቺም ነፍስ አለሽ።"

"ትንታ ሲይዘኝ በምን ልጥራው ታዲያ?"

"አሁን ስትጠሪው ይመጣል?"

ድንቢጧ ጥቂት አሰበች። "አቤት ይላል" አለች።

ይፍሩ እኔ ነኝ እኮ ሊላት ፈለገ። አፈረ። በሕልምም ሰው እንዲህ ያፍራል ብሎ አስቦ አያውቅም። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና "ሂድ፤ አስብበታለሁ" አለችው።

ዘወር ሲል አቮካዶው ላይ ተመልሷል፤ ዋኔውም ጣሳውን ይዞ ወጥቷል። ያው ዳቦ፣ ያው ድንች፣ ያው ጥግ። በዛፉ ላይ ግን ከይፍሩ በቀር ሰው አልነበረም። ባዶ ቅርንጫፎች ብቻ ነበሩ፤ ቁልቁል ሲያይም ከቅጠሉ መሐል የእትዬ አሰገደች ጋቢ ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል።

ያኔ ነው ጌጤ ከቤቱ ጀርባ የመጣችው። በእግሯ! የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ግራ እጇን እንደ ድሮዋ እያወዛወዘች፣ ቀጥ ብላ እየተራመደች መጣች። ይፍሩ እንባው መጣ። ሕልምም ቢሆን ይህን ማየቱ ብቻ በቃው። "ጌጤዬ ቆመሽ ሄድሽ!" ሊላት ሲል ጌጤ ዳቦውን አየች። ወደ ጥላው ሄደች። ጀርባዋን ለቁጥቋጦው ሰጥታ አጎነበሰች።

ከቅጠሉ ሥር ያ ግራጫ ጭራ ጫፉን ወዲያ ወዲህ አደረገው።

"ጌጤ! ሽሺ!" አለ ይፍሩ።

"ጭር! ጭር ጭር!" የሚል ነገር ወጣ። ከለገሠ ጋር ያወራበት አፍ አሁን እምቢ አለው። እንደገና ጮኸ፤ ያው ጭር ነው። በሙሉ ትንፋሹ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጮኸ። ጌጤ ቀና ብላ ወደ ዛፉ አየች፤ ዝማሬው ደስ ብሏት ፈገግ አለችና ተመልሳ አጎነበሰች። ዋኔው በረንዳው ላይ ወንበሩን አደላድሎ ተቀምጧል። "እሰይ! እሰይ የኔ ሰዎች!" አለና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። ስፖርት ነበር።

ይፍሩ ሊወርድ ሞከረ። እግሮቹ ቅርንጫፉን አልለቀቁም። ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ጠበቡ። የቁጥቋጦው ጫፍ ዝቅ አለ፤ ሻለቃ ሊዘል ሲል የኋላ እግሩን እንደሚያደላድል ይፍሩ ስንት ጊዜ ከሶፋው ላይ ሆኖ አይቶታል። አይቶ "ጎበዝ!" ብሎታል። አሁን ለድመቱ ሳይሆን ለዋኔው፣ ያንን ጋዋን ለለበሰው፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ ጭር! ጭር! ጭር! ዋኔው በክንፉ ጨበጨበለት። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ።

ቃጭል ተንቃጨለ።

ይፍሩ ከሶፋው ላይ ወደቀ። ላብ በላብ ሆኗል። መስኮቱ ነጋ ነጋ ብሏል። ጌጤ ታምልጥ አታምልጥ ሳያይ ነው የነቃው። ቃጭሉ ግን ሕልም አልነበረም፤ እንደገና ተንቃጨለ።

"አቤት! መጣሁ!" አለ፤ በዚህ ጊዜ እውነትም መጣ። በባዶ እግሩ፣ ሬዲዮውን በክርኑ ገጭቶ ጥሎ፣ ብርድ ልብሱ እየተጎተተበት ሮጦ ጌጤ ክፍል ገባ።

"ጌጤዬ! ትንታ ነው? ውኃ ላምጣ?"

ጌጤ ትራሷ ላይ ተረጋግታ ተኝታለች። ዓይኖቿ መስኮቱ ላይ ናቸው። "አልጠራሁህም" አለችው።

"አሁን አንቃጨልሽ እኮ!"

ቃጭሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰማ። ከውጭ ነው። ይፍሩ የሚስቱን ቀኝ እጅ አንስቶ አየ። አንጓዋ ላይ ላስቲኩ የተወው ቀይ መስመር ብቻ ነበር።

በመስኮቱ ወደ ታች አየ። ሻለቃ በሆዱ ተኝቶ ከወፍ ቆሎው ሥር አድፍጧል። ትናንት ከተበተነው ማሽላ የተረፈውን ድንቢጦች ይለቅማሉ። ሻለቃ አንድ እግሩን አነሳ፤ አንገቱ ላይ ያለው ቃጭል ቅጭል አለ። ድንቢጦቹ በአንድ ጊዜ ብር ብለው አቮካዶው ላይ ሰፈሩ። ሻለቃ ማን እንዳሳበቀበት ለማወቅ ግራ ቀኝ አየ። ሌሊት ብርድ ሲመታው ከጌጤ ብብት ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ትናንት ሌሊትም እንዲሁ ሲገባ ነው ላስቲኩን ከእጇ በጥርሷ አውልቃ በጭንቅላቱ ያጠለቀችለት። በአንድ እጅና በጥርስ ስንት ጊዜ እንደፈጀባት እሷ ናት የምታውቀው።

ይፍሩ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። "አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? ትንታ ቢይዝሽስ? እኔን በምን ልትጠሪኝ ነው?"

አፏን አነቃነቀች። ጆሮውን አስጠጋ።

"አንተ ስትሰማው አቤት ትላለህ" አለችው። "እነሱ ሲሰሙት ይነሳሉ።"

ይፍሩ ከዛሬ ጀምሮ ፍራሹን እዚህ እንደሚያነጥፍ ሊነግራት፣ ሶፋውንም ሬዲዮውንም እንደሚተው ሊምልላት አፉን ከፈተ። ሳይጀምረው ቃጭሉ ቤቱን ዞሮ መጣ። ቁርሱን የተነጠቀው ሻለቃ የወጥ ቤቱን በር እየቧጨረ፣ ቅጭል ቅጭል እያለ ይጮኻል።

"አቤት! መጣሁ!" አለ ይፍሩ፤ ወዲያውም ተነስቶ ሄደ። ያደረ ሥጋ ከድስቱ በሳህን አወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ቀጥ አለ። ሳህኑን እንደያዘ ዘወር ብሎ በተከፈተው የመኝታ ክፍል በር አየ።

ጌጤ አንገቷን ከትራሱ ቀና አድርጋ፣ ለድመት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሄደ እያየችው ነበር።